ከሸራው ጀርባ የተመረጠ ፒክአፕ

ወይ ጉድ! ሰው ከሥራ ደክሞ ሲገባ የገዛ ጊታሩን ሆዱ ተቀዶ ያገኘዋል? ናፊሳ ያገኘችው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሺፍቷን ጨርሳ፣ ባጃጅ ተጋፍታ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ቤቷ ገባች። ሐሙስ ሠርግ ስላለባት ጣቶቼን ላፍታታ ብላ የጊታሩን ቦርሳ ዚፕ ከፈተች። መጀመሪያ የእንጨት ብናኝ እጇ ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ጊታሩ ወጣ። ነጩ የፕላስቲክ ልባስ በመሮ ተፈልፍሎ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ቀዳዳው ውስጥ አንድ የማታውቀው ወፍራም ጥቁር ነገር ተጎልቷል። ፒክአፑ ተቀይሯል።

ለማያውቅ ሰው፣ ፒክአፕ ማለት የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ ማለት ነው። ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ላይ በላዩ ተጠቅልሎበታል። ክሩ ሲርገበገብ እሱ ይሰማና ለድምፅ ማጉያው ይነግራል። እሱ ያልሰማውን ማንም አይሰማም። እንግዲህ ይሄን የሚያህል ነገር፣ ባለጊታሯ ፋብሪካ ገብታ ልብስ ስትሰፋ፣ ነቅለው ሌላ ተከሉበት። ማንን አስፈቅደው? ማንንም!

«አዩብ!» ብላ ጮኸች። «አንተ አዩብ!»

አዩብ ታላቅ ወንድሟ ነው። ድምፅ ማጉያና ሚክሰር እያከራየ ይኖራል፤ እሷ በምትጫወትባቸው ሠርጎችም ድምፁን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ከጓዳ ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ እየሳቀ መጣ።

«አየሽው? እንኳን ደስ አለሽ! ቆይ ላስደንቅሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ማን ነው የነካው?»

«ይትባረክ ነዋ! ሌላ ማን ይነካዋል? ሆቴል የሚጫወት ሰው እኮ ነው፣ አቦ! በገዛ እጁ ፈልፍሎ የገጠመልሽ።»

እስቲ አሁን ከየት ይጀመራል? ናፊሳ የምትጫወተው በሴቶች ድግስ ነው። በሴቶች ድግስ ደግሞ ወንድ አይገባም። ሴቶቹ ሻሻቸውን ፈተው፣ ፀጉራቸውን ለቀው የሚጨፍሩበት ነው፤ እንኳን የሙሽራው አጎት ሙሽራው ራሱ ሳይጠራ አይገባም። ስለዚህ ጊታር የምትመታ ሴት ስትገኝ ድሬዳዋ ሁሉ ይሻማባታል። አያን ጓደኛዋ ከበሮዋን ይዛ ትዘፍናለች፣ ናፊሳ ትከተላለች፣ አዩብ ግን ግቢው ከተጋረደበት ሸራ ውጭ ሚክሰሩንና ጀነሬተሩን አጠገቡ አድርጎ ይቀመጣል። ስፒከሮቹ ውስጥ ናቸው፣ እሱ ውጭ። በዚህ ሁሉ ዘመን እህቱ ስትጫወት ሴቶቹ እንደሚሰሟት አድርጎ ሰምቷት አያውቅም። የሚሰማት ከሸራው ጀርባ ነው፣ ያውም ጀነሬተር ጆሮው ሥር እየጮኸ፣ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ።

እዚያ ተቀምጦ ነው እንግዲህ «ጊታርሽ እምም ይላል» የሚላት። በየሠርጉ ማግስት እምምታው ነው ወሬው። እሷ ደግሞ እምምታውን የምትሰማው አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ነው፤ አያን ከበሮዋን ስትመታና እልልታው ሲቀልጥ ማን ይሰማዋል? እሱ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነስቶት፣ ለእሷ ትንፍሽ ሳይል፣ ይትባረክን በርጫ ጠርቶ አማከረው። ጫታቸውን እየቃሙ ጊታሯን ጭናቸው ላይ አስተኝተው መከሩባት።

«ይትባረክ በቴስተር ለካው» አለ አዩብ፣ የሐኪም ዘመድ መስሎ። «ወላሂ ሊሞት ነበር ፒክአፕሽ! ሽቦው ጎድሏል። ግማሹ የለም ነው የምልሽ። አሮጌ ዕቃ ምን ታደርጊዋለሽ? ከዚያ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣውን ዐብዱላሂን ጉልበተኛ ፒክአፕ አምጣ አልነው። ባለ ሁለት ጥቅል ነው ይሄ። አንዱ ጥቅል የሌላኛውን እምምታ ያጠፋዋል። ሮኮች ናቸው የሚጫወቱበት!»

«ሮኮች» አለች ናፊሳ።

«አዎ!»

«እኔ ሮክ ነኝ?»

«አቦ አታካብጂ እንግዲህ። ሽቦው ጎድሏል እያልኩሽ...»

«ሽቦውን ማን እንዳጎደለው ታውቃለህ?»

«አርጅቶ ነዋ።»

«እኔ ነኝ ያጎደልኩት!»

ለካ አዩብ ይህንን አያውቅም። ለካ በርጫው ላይ ይህንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከየት ይኑር? አንድ ረመዳን ሙሉ፣ ፆም ይዛ፣ ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ነው የሠራችው። ድሮ ጊታሩን ስትገዛው ድምፁ ወፍራም ነበር፤ የአያንን ድምፅ ይጋፋል፣ የአሮጊቶቹን ግጥም ይውጣል። በሴቶች ድግስ ደግሞ ግጥሙ ካልተሰማ ምኑ ድግስ ነው? ሴቷ አማቿን የምትወጋበት፣ ሙሽሪትን የምትመክርበት ግጥሙ ነው። ስለዚህ ፒክአፑን ፈታ ሽቦውን ትንሽ ትቀንሳለች፣ መልሳ ትገጥማለች፣ ትጫወታለች፣ ታዳምጣለች። እንደገና ትፈታለች። ሽቦው ተበጥሶባት አልቅሳ ታውቃለች። መጨረሻ ላይ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ከሴት ድምፅ ጎን የሚሄድ ድምፅ አገኘች። እና ያንን ነው በቴስተር ለክተው ሊሞት ነው ያሉት!

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ጊታሩ እየታመመ...»

«የት አለ አሮጌው?»

አዩብ ይሄኔ ፊቱ በራ። ገላገልኳት ብሎ ነው መሰል።

«እሱንማ አትስጊ! አልጣልነውም። ሽሬ ጋ ወስደን ሽቦውን አስሞላነው! አዲስ ሆኖልሻል።»

ሽሬ የቬንትሌተር ሞተር የሚጠቀልል ሰው ነው። በድሬ ሙቀት ሥራ አያጣም፤ የተቃጠለ ሞተር ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ቀጭን ሽቦ ፈልጎ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ ጠቅልሎ ልኮታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሙላ አሉት፣ ሞላ። አዩብ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣውን ፒክአፕ ከኪሱ አውጥቶ እንደ ስጦታ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ረመዳን ሙሉ የተፈታው ሽቦ ተመልሶ ተጠምጥሟል። ናፊሳ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ በሯን ዘጋች። ካልዘጋች በጊታሩ ጭንቅላቱን ትለው ነበር፤ እኔ ብሆን እለው ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ንዴቷ አልበረደም፤ እጇ ግን ሥራ ፈለገ። አሮጌውን ለሐሙስ አታደርሰውም። ያለው ይሄ ጉልበተኛ የተባለው ነው። ሰካችና ሞከረችው፤ የባጃጅ ሞተር ይመስል ሁሉን ድምፅ በአንድ አፍ ያወራል። በካቻቢቴ ፈታችው። መጀመሪያ ክሮቹን አለቅጥ ተጠግቶ ስለነበር ዝቅ አደረገችው፤ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ትንፋሽ ነስቶት ነበር። ከዚያ ከሥሩ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየነካች የትኛው የየትኛው ጥቅል እንደሆነ ለየች፣ ሁለተኛውን ጥቅል ከመስመር አወጣችው። መበየጃውን አግላ፣ የብየዳ እርሳስ ጠብ አድርጋ በየደች። መታችው። የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ ግን ቢያንስ አፉን ከፈተ፣ ቀጠነ፣ ከአያን ጋር የሚቆም ሆነ።

ይኸኔ አዩብና ይትባረክ ተያይዘው መጡ። ይትባረክ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ድሬ ተወልዶ ያደገ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ጊታሩን ተቀብሎ ገልበጥ አደረገና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እመቤቴን! ግማሹን ዘጋሽው እንዴ ናፊሳ? ያኛው ጥቅል እኮ ነው እምምታውን የሚያጠፋው!»

«ድምፁን ገደለብኝ።»

«እሱ ካልሠራማ እምም ይላል። እንግዲህ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

አዩብ ግን አዝኖ አላለፈም። «ስሚ» አላት። «ነገ ኢዶ ሰገል ልጇን ነው የምትድረው። ንፁህ ድምፅ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የኔ ስም እየጠፋ ነው፤ አዩብ ሳውንዱ ይጮሃል እየተባልኩ ነው። ነገ ጊታርሽ እምም ካለ፣ ከእንግዲህ በፍላሽ ነው። ዘፈን ጭኜ እመጣለሁ፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

ታርፊያለሽ አላት! ጊታሯን ነጥቆ ታርፊያለሽ! ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ የምትውለው ሐሙስን እያሰበች መሆኑን የማያውቅ ይመስል። ናፊሳ «ሀዬ፣ ነገ እናያለን» ብላ ጊታሯን ከይትባረክ እጅ ተቀበለች። ሌላ ቃል ብትጨምር ታለቅስ ነበር፣ እነሱ ፊት ደግሞ አታለቅስም።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ የኢዶ ሰገል ግቢ በሴት ተሞላ። ኢዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰገልን ግን ዘመድ ሆነ ጎረቤት፣ ኦሮሞ ሆነ አማራ፣ ሁሉም ኢዶ ይላታል። ልጇን ልትድር ነውና ስስ ቀሚሷን፣ ዲራዋን፣ ሽቶ በሽቶ አድርጋ እዚህም እዚያም ትላለች። ሸራው ተጋርዷል። ስፒከሮቹ ቤቱ በር ግራና ቀኝ ቆመው ከቤቱ መብራት ተሰክተዋል። አዩብ ከሸራው ውጭ ጀነሬተሩን አስነስቶ፣ ሚክሰሩን ከእሱ ሰክቶ፣ ይትባረክን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጫቱን ዘርግቷል። ገመዱ በሸራው ሥር ሾልኮ ናፊሳ ጋ ደርሷል።

አያን ከበሮዋን አነሳች፣ ናፊሳም ገባች። ገና የመጀመሪያው ግጥም ሳያልቅ የአያን ስልክ ጮኸ።

«ንገሪያት!» ይላል አዩብ በስልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ይሰሙታል። «እምም እያለ ነው! ዘጋችው፣ ይኸው እምም አለ! ብዬ ነበር!»

«እኛ ጋ ምንም...» አለች አያን። ሳትጨርስ ዘጋው።

ከዚያ አዩብ ከሸራው ወዲያ የጊታሩን ድምፅ ቀነሰው። ናፊሳ ክሩን ጠበቅ አድርጋ መታች፤ አሁንም ቀነሰ። ጣቷ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አሮጊቶቹ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተያዩ። አያን ብቻዋን ቀረች፣ ጉሮሮዋ እስኪነድ ዘፈነች። ኢዶ ሰገል በሴቶቹ መሐል እየተጋፋች መጣች።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ ዛሬ? ታመምሽ እንዴ?»

«ኢዶ፣ እኔ አይደለሁም...»

አልጨረሰችም። ከሁለቱም ስፒከር የአንድ ጎረምሳ ዘፈን በኪቦርድ ታጅቦ ፈነዳ። የወንድ ድምፅ! ፀጉራቸውን የለቀቁ ሴቶች መሐል! ፍላሹን ሰክቶታል! አንዷ ደንግጣ ሻሿን ፈለገች፣ ሌሎቹ እየሳቁ ጭብጨባቸውን አቆሙ። ሙሽሪት ትራስ ላይ እንደተቀመጠች ናፊሳን አየቻት። ይሄ አያሳፍርም? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

መሬት ግን አልተሰነጠቀችም፣ ናፊሳም ደሟ ፈላ። ሻሿን ጠመጠመች፣ ገመዱን ከጊታሩ ነቅላ ጊታሯን በትከሻዋ እንዳነገተች ሸራውን ገልጣ ወጣች። አዩብ ጉንጩን ሞልቶ ቀና አለ።

«ምን ላድርግ ናፊሳ፣ አንቺ ነሽ እንደዚህ...»

አልመለሰችለትም። ጎንበስ ብላ ፍላሹን ከሚክሰሩ ነቀለችው። ዘፈኑ ተቋረጠ። ግቢው ውስጥ ባሉት ስፒከሮች ያ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እምምምም።

«ይኸው!» አለ አዩብ ጣቱን ቀስሮ። «ይኸው ጊታርሽ!»

ናፊሳ የጊታሩን ገመድ ሚክሰሩ ላይ ከተሰካበት መንጭቃ አወጣችው። ጫፉን ከፍ አድርጋ አፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው። ሚክሰሩ ላይ አሁን ምንም የተሰካ ጊታር የለም። ስፒከሮቹ ግን እምምምም ይላሉ። አልቀነሱም፣ አልጨመሩም፣ እንደነበሩት ናቸው።

«የቱ ጊታር ነው አሁን እምም የሚለው?» አለች።

ጀነሬተሩ ያጓራል። ይትባረክ የያዘውን ቅጠል አስቀመጠ። «አዩብ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስፒከሮቹ በምንድን ነው የሚሠሩት?»

«በቤቱ መብራት።»

«ሚክሰሩስ?»

አዩብ ጀነሬተሩን አየ። እዚያ ተቀምጦ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስፒከሩን ከቤቱ፣ ሚክሰሩን ከጀነሬተሩ ይሰካል። ሁለት መብራት በአንድ ገመድ አገናኝቶ፣ ሁለቱ ሲነታረኩ የሚወጣውን እምምታ ጊታርሽ ነው ይላታል። እዚህ ተቀምጦ ስለሚሰማ ነው! አንድ ቀን ከሸራው ወዲያ ማን ምን ይሰማል ብሎ ጠይቆ ቢሆን!

«ማርያምን፣ እኔም አላሰብኩትም» አለ ይትባረክ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ፒክአፑን ስለካ...»

«ለካህ» አለች ናፊሳ። «ለካህ፣ ፈለፈልክ፣ አስሞላህ! አንድ ቀን ናፊሳ ይሄ ለምን ጎደለ አላልክም። አንተስ አዩብ? የራስህን ጥፋት በኔ ላይ ስትደፋ ኖረህ፣ ጊታሬን አስቀደድክ፣ አሁን ደግሞ በሙሽሪት ፊት አዋረድከኝ!»

«አንቺም እኮ አልነገርሽኝም ነበር...» አለ አዩብ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጠይቋት አያውቅም፣ ሁለቱም ያውቁታል።

ናፊሳ ሚክሰሩን ከጀነሬተሩ ነቀለች፣ በሁለት እጇ አቀፈችና ተነሳች። አዩብ ብድግ አለ፤ «ወዴት ነው? ማን ይቆጣጠረዋል?»

«የሚሰማ ሰው» አለችና በሸራው ሾልካ ገባች።

ውስጥ ያሉት ሴቶች ነገሩን ሁሉ ሰምተዋል፤ ሸራ ምን ይከልላል? ሁለቱ ገመዱን ተቀብለው ሳቡት፣ አንዷ ጠረጴዛ አጸዳች፣ ሌላዋ ኤክስቴንሽን አመጣች። ሚክሰሩ ከስፒከሮቹ ጋር ከአንድ ሶኬት ተሰካ። አያን ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ከፍ አደረገችው። ፀጥ። እምምታው የለም። አንዲት አሮጊት «ማሻ አላህ፣ ጆሮዬ ዐረፈ» አሉ። ለካ እሳቸውም ይሰሙት ኖሯል።

ኢዶ ሰገል ሸራውን በእጇ ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ አየች። ወንድ በሴቶች ድግስ ሸራ ሥር የሚታገሡት ሥራ ስላለው ብቻ ነው፤ ሚክሰሩ ከገባ ምን ሥራ አለው?

«እናንተስ?» አለቻቸው። «ሥራችሁ አልቋል አይደል? ሴት የሚጨፍርበት ሥር ወንድ ምን ይጎለታል? ያንንም ኮተት አጥፉና ሂዱ፣ ወደዚያ!»

«ኢዶ፣ እኔ እኮ የሳውንዱ...»

«ወደዚያ አልኩ!»

ጀነሬተሩ ሲጠፋ ድንገት ዓለም ሰፋች። ሁለቱ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ ጀነሬተሩን በየጫፉ ተሸክመው እስከ መንገዱ ዳር ሲሄዱ፣ ሴቶቹ በሸራው ቀዳዳ እያዩ እስኪደክማቸው ሳቁ። ናፊሳ አልሳቀችም። ተቀመጠች፣ ክሮቹን ቃኘች፣ ዓይኗን ጨፍና መታች። ያ የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ እሱን ለማግኘት ሽሬ የሞላውን ሽቦ እንደ አዲስ መፍታት ይጠብቃታል፣ በመሮ የተፈለፈለውም አይመለስም። ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል፣ አያን ስትገባ ቦታ ይለቃል፣ ግጥሙ አይዋጥም። ኢዶ ሰገል አማቿን የምትሸነቁጥበትን ግጥም ስትጀምር ቃሉ አንድ በአንድ ተሰማ። እልልታው ቀለጠ። ሙሽሪት ትራሷን ትታ ተነሳች።

ጭፈራው መሐል አያን ከሚክሰሩ አጠገብ ያስቀመጠችው ስልክ በራ። ከበሮውን ለሌላ ሴት ሰጥታ አነበበችና አጎነበሰች፣ ወደ ናፊሳ ጆሮ።

«አዩብ ነው። 'ድምፁ እንዴት ነው?' ይላል።»

የናፊሳ ጣት ለአንዲት አፍታ ክሩ ላይ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንባውም ንዴት ነበር። ከዚያ ቀጠለች፣ ከፊቱ ይልቅ ጠበቅ አድርጋ።

«ምን ልበለው?» አለች አያን።

«ጠየቀ አይደል?» አለች ናፊሳ። «እንግዲህ ይጠብቅ!»